ጠጥቷል፣ በልቷል፣ ተኝቷል

ደምሴና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የተቃጠለ ቻርጀር መፍታት ነበር። ጅማ ግቢያችን ውስጥ ካራቫኑ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ቻርጀሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ብሎኖቹን ይፈታል። እኔ አጠገቡ ቆሜ በዘይት ጣሳ ክዳን እቀበለዋለሁ። ሽፋኑ ሲነሳ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተን። ደምሴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና፣

"ይሄስ ጨርሷል" አለ። "አዲሱ ባለ አርባ አምፔር ይሁን። ጄኔሬተሩ በቀን አራት ሰዓት ነው የሚሠራው። በአራት ሰዓት ግጥም አድርጎ የሚሞላ ነው የምንፈልገው።"

"አርባ ባትሪውን ይቀቅለዋል። አስር ይበቃል።"

"በአስር እስኪሞላ ቡናው ተለቅሞ ያልቃል፣ አስኩ።"

"አርባው ደግሞ ቶሎ ብሎ 'ሞልቷል' ይልሃል፣ አንተም ታምነዋለህ።"

"እኔ ነኝ የማምነው? ዕድሜዬን ሙሉ 'ምኑ?' እያልኩ የኖርኩት ሰውዬ?"

ይህች "ምኑ" የምትባል ቃል የቤታችን ቃል ናት። ከየት እንደመጣች ወደ ኋላ እነግራለሁ። ያን ዕለት አልተስማማንም። ደምሴ ብሎኖቹን በክዳኑ ውስጥ አንቀጫቀጨና "ለነገ ይደር" አለ። በማግስቱ ጠዋት ልብሱን ለብሶ፣ የጫማውን ማሰሪያ ሳያስር፣ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

ካራቫን የምለው በመኪና የሚጎተተውን ቤት ነው። የመንገድ ሥራ መሐንዲሶች ያድሩበት ነበር፤ መንገዱ ሲያልቅ በጨረታ ተሸጠ። ደምሴ ጡረታ በወጣበት ዓመት ሲገዛው "ምን ልታደርገው ነው?" ብዬው ነበር። ያደረገው ይህን ነው። በየዓመቱ ቡና ሲደርስ፣ ሊሙ ገነት አካባቢ ያለ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አይሱዙ እየላከ ያስጎትተዋል፤ እኛም እዚያ ሁለት ወር እንቀመጣለን። ደምሴ የጄኔሬተሩንና የመፈልፈያውን ሞተር ደህንነት ይጠብቃል። እኔ ላርፍ ነበር የምሄደው። ግን ካራቫኑ ውስጥ ትንሽ ፍሪጅ አለች፤ ፍሪጅ ባትሪ ይፈልጋል፤ ባትሪ ባለበት ደግሞ እኔ አርፌ አላውቅም።

ፍሪጅዋ ውስጥ የሚቀመጠው ዋናው ነገር የእኛ አልነበረም። ዘይነባ የምትባል የአጋሮ ሴት አለች፤ ጣቢያው ላይ የተሰጣውን ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ኃላፊ ናት። ስኳር አለባት፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሻል። እኛ ካራቫኑን ይዘን መሄድ ከመጀመራችን በፊት በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ማሰሮ ታስቀምጠው ነበር። አንድ ዓመት ተበላሽቶባት ራሷን ስታ፣ ጅማ ሆስፒታል በሰው ትከሻ ነው የገባችው።

የደምሴ አርባ ካለፈ በኋላ ዘይነባ ከአጋሮ መጣች።

"ነጋዳ፣ አዴ?" አለችኝ። ነጋዳ በእነሱ ደህና ነዎት፣ አዴ ደግሞ እናቴ እንደማለት ነው። ጥቂት ስለ እሱ አወራን። ከዚያ፣ "ዘንድሮ ትመጣላችሁ?" አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

"ቻርጀሩ ተቃጥሏል" አልኳት። ሰው አንዳንዴ ስለ ሰው ሲጠየቅ ስለ ዕቃ ይመልሳል።

"እኔ ላስጨንቅዎ አልመጣሁም፣ ወላሂ። ሐኪሙ ፍሪጅ ከሌለ እንዳትሄጂ ብሎኛል። እርስዎ የማይመጡ ከሆነ ቦታዬን ለሌላ ሴት ስጡ ብዬ ልነግራቸው ነው።"

"የዓመት ኑሮሽስ?"

"አላህ ያውቃል።"

"መቼ ነው የሚጀምሩት?"

"ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ኢንሻአላህ።"

"እስከዚያ ቦታሽን ለማንም እንዳትሰጪ" አልኳት። ይህን ስል የትኛውን ቻርጀር እንደምገዛ አላውቅም ነበር። አርባ ነው? አስር ነው? የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ከሥራ ዘመኔ ውስጥ መልሱን ልፈልግ ጀመርኩ። ይህን ጽሑፍም የጀመርኩት ያኔ ነው፤ በቀን ግማሽ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ሦስት መስመር።

ባትሪ ክፍል የገባሁት ለአንድ ሳምንት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ትንሽ፣ ፎርሙ ብዙ ነበር። በሦስተኛው ወር ባትሪ ክፍል ሰው ጎደለና ለሳምንት ሂጂ ተባልኩ። ሳምንቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ።

የክፍሉ ባለሙያ ጋሽ ኤርሲዶ ይባላሉ። ከከምባታ የመጡ፣ ጸሎተኛ ሰው ነበሩ። ሲናደዱ አይሳደቡም፤ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ዜማው ከፍ እያለ ከሄደ ሾፌሮቹ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። የሚለብሱት ሹራብ በአሲድ ተበልቶ ወንፊት መስሏል። የመጀመሪያ ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

"የማትወጂው ቀሚስ አለሽ?" አሉኝ።

"የለኝም።"

"ግድ የለም፣ ከነገ ጀምሮ ይኖርሻል።"

እውነታቸውን ነበር። በማግስቱ ቀሚሴ ከጉልበት በታች ሰባት ቀዳዳ አወጣ።

ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ነገር አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ እንደማይጨመር ነው። "ቁጡ ሰው ወደ ታጋሽ ቤት ይምጣ እንጂ ታጋሹ ወደ ቁጡው ቤት አይሂድ" ይሉ ነበር። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪን በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል፤ መዳፍ ይለምዳል፣ የእጅ ጀርባ አይዋሽም ይላሉ። ጆሯቸውንም ጠጋ አድርገው ያዳምጣሉ። ጥሩ የሚበላ ባትሪ በለሆሳስ ይንተከተካል፤ በኃይል የሚንፈቀፈቀው እየተቀቀለ ነው። ከዚያ የውሃውን ክብደት በመለኪያ ብልቃጥ ያያሉ፣ ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ። አንድ ቀን፣ "አምስቱ ደህና ከሆኑ ስድስተኛውን መለካት ለምንድን ነው?" አልኳቸው።

"መኪናዋ የምትቆመው በስድስተኛው ነው" አሉኝ።

ለመደበኛ ባትሪ ሕጋቸው "ከመቶ አስር" ነበር። መቶ ለሚይዝ ባትሪ አስር አምፔር፣ ቀስ ብሎ፣ ቀኑን ሙሉ። እኔ ለደምሴ "አስር" ያልኩት የእሳቸውን ቃል ይዤ ነው።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

በሥራዬ በሁለተኛው ዓመት ጋሽ ኤርሲዶ ለለቅሶ አገራቸው ሄዱና ክፍሉ ለእኔ ቀረ። የአንድ አምቡላንስ ባትሪ መጣ። ከእጀታው ላይ በሽቦ የታሰረች ካርቶን ነበረች፤ የጋራዡ ኃላፊ "ይሞላ" ብሎ ጽፎባታል። ክዳኖቹን ስከፍት ውሃው ጎድሏል። ስድስቱንም ቤት በተጣራ ውሃ ሞላሁ። ጫፎቹን በሶዳ አጠብኩ፣ ወለወልኩ። ከዚያ ካርቶኗ ላይ "ሞልቷል" ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነበር፤ ደስ ብሎኝ እንደጻፍኩት አስታውሳለሁ።

አዲስ የተቀጠረ ሾፌር ባትሪውን ወሰደ። "ሞልቷል" የሚለውን አንብቦ ቻርጅ የተደረገ መሰለው። መኪናዋ አልነሳ ስትለው ቆማ ስለከረመች መስሎት በሰዎች አስገፍቶ አስነሳትና ወደ ሊሙ ሄደ። ምጥ የጠናባት ሴት ጭኖ ሲመለስ ጭቃ ውስጥ ሞተሩ ጠፋ። ባትሪው ሊያስነሳው አልቻለም፤ ጭቃው ደግሞ መግፋት አልፈቀደም። የአካባቢው ወንዶች ሴትዮዋን በቃሬዛ እስከ ዋናው መንገድ ተሸከሟት። እናትየው ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ ካርቶኗን ይዞ ባትሪ ክፍል መጣ። ሱሪው ላይ ያለው ጭቃ አልለቀቀም ነበር።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ምኑ ነው የሞላው?"

"ውሃው" አልኩት።

ያን ጊዜ እንደሚጮኽብኝ ጠብቄ ነበር። ባዶ ጀሪካን ገልብጦ ተቀመጠ። ካርቶኗን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ "እኔም ሳልጠይቅ ነው የወሰድኩት" አለ። ለኃላፊውም ይህንኑ ተናገረ። ሁለታችንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። ያ ሾፌር ደምሴ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ተጋባን። ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር "ሞልቷል" ባልኩ ቁጥር "ምኑ?" ይለኛል። ለቀልድ ይመስላል፤ ሁለታችንም ግን ከየት እንደመጣ እናውቅ ነበር።

ጋሽ ኤርሲዶ ከለቅሶ ተመልሰው ሲሰሙ አላንጎራጎሩም። ይህ ከሁሉ ይከፋል። ጠመኔ አንስተው በሩ ላይ "እዚህ ቤት 'ሞላ' አይባልም" ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ቃላት ብቻ ተፈቀዱ። ውሃ የተጨመረለት ባትሪ "ጠጥቷል" ይባላል። ቻርጅ የተደረገው "በልቷል"። ከቻርጅ ወርዶ ሌሊቱን አርፎ ጠዋት የተለካው ደግሞ "ተኝቷል"። ባትሪ ከቻርጅ እንደወረደ ቢለካ ይዋሻል፤ ሆዱን ነፍቶ የጠገበ ይመስላል። እውነቱ የሚታወቀው ተኝቶ ሲነሳ ነው። ሦስቱም ቃላት ካርቶኑ ላይ ካልሰፈሩ ባትሪ ከክፍሉ አይወጣም።

ሾፌሮቹ ሳቁብን። "አስካለ፣ ልጄ በላ ወይ?" እያሉ በመስኮት ይጠይቁኛል። አንድ አዲስ የመጣ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ከሳምንታዊ ሪፖርታችን ላይ "በባትሪ ክፍል አራት ተኝተዋል" የሚል አንብቦ፣ በሥራ ሰዓት የሚተኙትን ሊይዝ በሩን በርግዶ ገባ። ጋሽ ኤርሲዶ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ "ቀስ ይበሉ፣ ይነቃሉ" አሉት። ያ ሰው በኋላ ከማውቃቸው አለቆች ሁሉ የተሻለው ሆነ። አንድም ቀን አጣድፎን አያውቅም።

ጋሽ ኤርሲዶ ጡረታ ሲወጡ እኔ በቦታቸው ተተካሁ። ስድስት ዓመት አጋሮ ባለው ቅርንጫፍ ሠራሁ፣ ተመለስኩ። ከዚያ "ደረቅ" የሚባለው ባትሪ መጣ። ክዳን የለውም፣ ውሃ አይጠጣም፣ የመለኪያ ብልቃጡ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ሲሞት ይጣላል። ባትሪ ክፍሉ የጎማ መጋዘን ሆነ፤ እኔም መውጫዬ ደረሰ።

ዘይነባ በሄደች ማግስት ወደ ካራቫኑ ገባሁ። ባትሪው ከመቀመጫው ሥር ነው። የመቀመጫውን ክዳን ስከፍት ባትሪው ደረቅ ነው። ለካ አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ደምሴ አሮጌውን ቀይሮ ሲያመጣ፣ "ከእንግዲህ ማጠጣት ይብቃሽ" ብሎኝ ነበር። ለእጄ አዝኖ ነው። እኔም አመስግኜ ክዳኑን ዘጋሁ። ያ የተቃጠለው ቻርጀር ለሚጠጣ ባትሪ የተሠራ ነበር፤ ለደረቅ ባትሪ ሲበዛበት መቁረጥ አያውቅም። ያቃጠለው የጄኔሬተሩ ከፍ ዝቅ ማለት ነው። ባይቃጠል ኖሮ ግን ባትሪውን ቀስ በቀስ ይገድለው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ባትሪ ያበላሁ ሴት፣ ምን እየበላ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ይህ ሲገባኝ ከማፈር ይልቅ ማወቅ ፈለግሁ። ደረቅ ባትሪ ስንት ይችላል? ባትሪውን በገመድ እየጎተትኩ ከግድግዳው አላቀቅኩት። ከግድግዳ በኩል ባለው ጎኑ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። የኔ መነጽር አላነብ አለኝ፤ የደምሴን አመጣሁ። መቶ ይይዛል። ቻርጅ ሲደረግ ከሃያ አምፔር አይለፍ ይላል።

እሱ አርባ፣ እኔ አስር ስንል መልሱ ከግድግዳው በኩል ተጽፎ ኖሯል። ልነግረው ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው ያስታወስኩት።

ባትሪው ራሱ ደህና መሆኑን ለማወቅ አንድ የመኪና የፊት አምፖል አገናኝቼ ስንት ሰዓት እንደሚያበራ ቆጠርኩ። ጥቂት ተዳክሟል፣ ግን አልሞተም። ከዚያ ፍሪጅዋ በቀንና በሌሊት የምትበላውን አሰላሁ፤ ሠላሳ አምፔር-ሰዓት ያህል ነው። በአስር አምፔር፣ በአራት ሰዓት ውስጥ አርባ ይገባለታል። በወረቀት ይበቃል። ጄኔሬተሩ መሐል መሐል የሚጠፋ መሆኑ ሲታሰብ ግን ጠባብ ነው። ደምሴ መፍራቱ ልክ ነበር። እኔም ልክ ነበርኩ። ሃያ ይሁን።

ዘይነባን ከአጋሮ አስጠርቼ፣ እዚሁ ጅማ ሒርማታ ገበያ ይዣት ሄድኩ። ባለ ሱቁ ትንሽ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቁጥር የሚያሳይ ቻርጀር አወጣ።

"ማዘር፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው። አውቶማቲክ። ሲሞላ ራሱ ይቆርጣል።"

"ከቆረጠ በኋላስ?"

"ከቆረጠማ ሞልቷል።"

"ምኑ?" አልኩት። ሳላስበው ነው የወጣው።

ባለ ሱቁ ዘይነባን አያት። "ምን እያሉ ነው?"

"መልስላቸው እንጂ" አለች ዘይነባ። "እሳቸው የባትሪ ሐኪም ናቸው፤ አንተ ሻጭ ነህ።"

ለደረቅ ባትሪ እንደሚሆን ከወረቀቱ አየሁ። ሃያ ይሰጣል። ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ "ከባትሪ ጋር አገናኘውና ሶኬቱን ንቀለው። አሁን መልሰህ ሰካው።" ሰካው። ቁጥሩ ብልጭ ድርግም እያለ ቆመ፤ መሥራት አልጀመረም።

"ይህችን ቁልፍ መጫን ነው፣ ማዘር። ቀላል ነው።"

"ጄኔሬተር ነው ያለን። በአራት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይጠፋል። እኔ ወንዝ ብወርድ፣ እንቅልፍ ቢወስደኝ፣ ማን ይጫነዋል?"

"ባለቤትዎ አሉ አይደል?"

ዘይነባ ክርኑን ያዘችው። ያኔ ጥቁር መልበሴን አየ። "ይቅርታ ማዘር" አለና አንገቱን ደፋ። አላዘንኩበትም። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነበር። ለካ ባለፉት ዓመታት ጄኔሬተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ደምሴ ወደ ካራቫኑ ብቅ እያለ ያየው ነበር። ቁልፍ የሚጫን ሰው ነበረኝ።

"ማንም ሳይጫነው የሚነሳ ስጠኝ" አልኩት።

ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ፣ ከባድ፣ መልከ ጥፉ ቻርጀር አወጣ። ማንም እንደማይገዛው ተናገረ። ሃያ ነው። ለደረቅና ለሚጠጣ ባትሪ የሚዞር ማብሪያ አለው። ነቀለው፣ ሰካው፤ እንደ በሬ ጉርር ብሎ ተነሳ። አራት ጊዜ አስነቀልኩት፤ አራቱንም ጊዜ ራሱ ተነሳ።

"ይሄ ደምሴን ይመስላል" አለች ዘይነባ፣ ደግሞ ደነገጠች። እኔ ሳቅሁ። ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ወዲያው አልሄድንም። አምስት ቀን ግቢያችንን ጣቢያ አደረግሁት። በቀን አራት ሰዓት ብቻ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ መሐል ሦስት ጊዜ እነቅላለሁ። ፍሪጅዋ ውስጥ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ከነሙቀት መለኪያው አስቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት ባትሪው ተኝቶ ሲነሳ በቮልት መለኪያ አየዋለሁ። 'ሞልቷል' የሚለው የቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ቁጥሩ ግን በየቀኑ በጥቂቱ ይወርዳል። ጋሽ ኤርሲዶ ቢኖሩ "በልቷል፣ አልጠገበም" ይሉ ነበር። በአምስተኛው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሳልነቅል አበላሁት፤ በስድስተኛው ጠዋት ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ምግብ ያስፈልገዋል። ለጣቢያው ባለቤት ስልክ ደውዬ እሁድ እሁድ ጄኔሬተሩ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ጠየቅሁት።

"ጋሽ ደምሴ የሉም፣ ጄኔሬተሩን ማን ያይልኛል?" አለኝ።

"ሞተሩን ሌላ ሰው ፈልግ። ባትሪውን ግን እኔ አያለሁ።"

"ቶሌ" አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። "እሁድ ይሠራል። አይሱዙውን ሐሙስ እልካለሁ።"

አሁን ሊሙ ነኝ። ጄኔሬተሩ ከሰዓት በኋላ ይነሳል፤ ሲጠፋ ሲመለስ መልከ ጥፉው ራሱ ይጀምራል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የደምሴን መነጽር አድርጌ የተኛውን ባትሪ እለካለሁ፣ ቁጥሩን በጠመኔ በሩ ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ፍሪጅዋን ከፍቼ ለዘይነባ መድኃኒቷን እሰጣታለሁ።